ኮስቲክ ሶዳ ሲበዛ ሳሙና አይበዛም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከሞራ ሳሙና ለሚሠሩ ሁሉ ይህችን ደብዳቤ እንድታትሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሳሙናው አልጠነክር ሲል «ኮስቲክ ጨምሩበት» የሚለው ምክር እጅ የሚያቃጥል ምክር ነው።

1 ኪሎ ግራም የተጣራ የበሬ ሞራ ሙሉ በሙሉ ሳሙና ለመሆን 140 ግራም ገደማ ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይበቃዋል። 160 ግራም ብታስገቡ ሞራው ቀድሞ ያልቃል፤ 20ው ግራም የሚዋሐደው አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ቆዳ የሚልጠው እሱ ነው። ተማሪዎች ሊሚቲንግ ሪአክታንት ብለው የሚማሩት ይህንኑ ቀድሞ የሚያልቀውን ነው እንጂ በሚዛን ያነሰውን አይደለም። በሞል (ኬሚስቶች የንጥረ ነገርን ቅንጣቶች በሚቆጥሩበት መለኪያ) ሲታይ 1 ሞል ሞራ (857 ግራም አካባቢ) 3 ሞል ኮስቲክ (120 ግራም) ይፈልጋልና ግራሞቹን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ኮስቲኩ እንዲሆን አድርጉ። ከ140ው 5 በመቶ ቀንሳችሁ 133 ግራም መዝኑ፤ 50 ግራም ያህል ሞራ ሳይነካ ይቀርና እጅ ያለሰልሳል። ከረጢቱ ላይ ንጽሕናው 98 በመቶ ነው ከተባለ 136 ግራም ይሆናል ማለት ነው። በጣሳ መስፈር ይቅር፤ ቅርፊቱና ድቡልቡሉ ኮስቲክ አንድ ጣሳ ሞልተው እኩል አይመዝኑም። ዘይት ከቀየራችሁም ሒሳቡ ይቀየራል፤ የኮኮናት ዘይት ለኪሎ 183 ግራም ገደማ ይጠይቃል። ኮስቲኩን ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጨምሩ እንጂ ውኃውን ኮስቲክ ላይ አታፍስሱ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ግን በከረጢቱ ነው። አፉ ተከፍቶ በደሴ የክረምት ጭጋግ የሰነበተ ኮስቲክ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። 10 በመቶው ከተበላሸ 133 ግራም ብላችሁ የመዘናችሁት በትክክል 120 ግራም ገደማ ነው፤ 143 ግራም ሞራ ሳይለወጥ ይቀራል፣ ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ውሎ አድሮም ይሻግታል። በዚህ ተናዶ በሚቀጥለው ዙር በግምት የጨመረ ሰው አዲስ ከረጢት ሲከፍት ያቃጥላል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ፕላስቲክ አስቀምጡት። የአሉሚኒየም ድስትም አትጠቀሙ፤ ኮስቲኩ ድስቱን እየበላ ሃይድሮጅን ያስወጣል፣ ለሞራው የታሰበውም እዚያው ያልቃል።

ምርቱንስ? 1,000 ግራም ሞራ፣ 133 ግራም ኮስቲክና 300 ግራም ውኃ ተቀላቅለው 1,433 ግራም ስለመዘኑ ብቻ «ከሞራው በላይ አተረፍን» ማለት አይቻልም። ጨርሶ ቢደርቅ 1,133 ግራም ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሳሙናው 981፣ ግሊሰሪኑ 102፣ የተረፈው ሞራ 50 ግራም ነው። የምርት መጠናችሁ፣ ማለትም ያገኛችሁት ሳሙና በሒሳብ ከሚጠበቀው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ100 በመቶ በላይ ከወጣ ከሳሙናው ጋር ሌላ ነገር መዝናችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው። በኪሎ የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ገዢው ቤት ደርሶ የሚቀንሰው ይኸው ውኃ ነው።

ያቃጠለውን ሳሙና መጣል አያስፈልግም። ቁራሽ በአልኮል አሟሙታችሁ አንድ ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ኮስቲክ ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ የቤተ ሙከራ መለያ) አድርጉበት፤ ደማቅ ሮዝ ካወጣ ኮስቲክ ተርፏል። መጀመሪያ የመዘናችሁትን መዝገብ አይታችሁ ትርፉን አስሉ፣ ከዚያ ሳሙናውን ፍቃችሁ በጥቂት ውኃ በዝግታ እያሞቃችሁ ለየ20 ግራሙ ትርፍ 143 ግራም ሞራ ጨምሩለት።

የኬሚስትሪ መምህራን፣
ከደሴ