ግልጽ ደብዳቤ፦ መኪናውን ይዞ ለሥራ ወደ ጎረቤት አገር የሚሄድ ሰው ማንን ይጠይቅ?

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኃላፊዎች

ከኮምቦልቻ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። ደረቅ ወደብም አለን። ጅቡቲ መስመር የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ስለ ጭነት መኪና ወረቀት የሚያስረዳ አይጠፋም። በገዛ መኪናው ቤተሰቡንና ዕቃውን ይዞ ለሥራ ሌላ አገር ሊኖር የሚሄድ ሰው ግን የሚጠይቀው የለውም። የምጽፍላችሁ ለእሱ ብዬ ነው።

አንድ መካኒክ ጎረቤት አለን። ሙያው የተመሰገነ ነው። ናይሮቢ ያለ ጋራዥ ቀጠረውና መፍቻውን ሁሉ በፒክአፑ ጭኖ፣ ባለቤቱን ይዞ በሞያሌ ለመውጣት ወሰነ። ምን ወረቀት እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ያልረገጠው ደጅ የለም። አንዱ ቢሮ «ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ካለህ ይበቃል» አለው። ሌላው «እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰው። እኛም አብሽር ብለን፣ መርቀን ሸኘነው።

መንገዱ እንኳ ደህና ነው። ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ከተማ ኢሲዮሎ ያለው፣ ድሮ ሾፌር ሲያማርርበት የኖረው መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ሁለቱ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የሞያሌ ኬላም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ችግሩ ኬንያ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑ ነው። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ሾፌሩ የሚመጣውን አያይም። ባለቤቱ በመስኮት አንገቷን እያወጣች «ቆይ፣ ቆይ፣ እየመጣ ነው… በል አሁን እለፍ!» ስትለው ነው ናይሮቢ የገቡት። የፊት መብራታችንም አጭሩ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። እዚያ ማታ ሲነዳ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። መብራቱ ላይ በቦታው ፕላስተር ቢለጠፍ ይቃለል ነበር። ይህን የነገረው ግን አልነበረም።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከገባ በኋላ ነው። ኬንያ መሪው በግራ የሆነ ተራ መኪና በራሷ ታርጋ አትመዘግብም። ከተሠራ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውንም አትቀበልም። የእሱ መኪና የገባው በጊዜያዊ ፈቃድ ስለነበር ቀኑ ሲያልቅ መውጣት አለበት። ገና ሥራውን ሳይለምድ ፈቃድ ጠይቆ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መኪናውን መለሰ። እዚሁ ሳለ ቢያውቅ ኖሮ መፍቻውን በጭነት ልኮ በአውቶቡስ ይሄድ ነበር። የዚያ ሁሉ ወጪና እንግልት ምክንያት አንድ ሰው አስቀድሞ አለመናገሩ ነው። በጣም ያናድዳል፤ ያሳዝናልም።

ሲመለስም ስጋት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሁሉም ሰምቷል። የራሳችን ታርጋ ያለው መኪናስ፣ ሲወጣ ለጊዜው መውጣቱ በሰነድ ካልተያዘ፣ ሲመለስ እንዴት ይታያል? ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ሰው አላገኘም።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ከጉምሩክ ኮሚሽንና ከመድን ድርጅቶች ጋር ተነጋግራችሁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ገጽ ወረቀት አውጡልን። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ፣ ማለትም በኬንያ፣ በኡጋንዳ ወይም በዛምቢያ የሦስተኛ ወገን መድን ሆኖ የሚያገለግለው፣ እዚህ ከማን እንደሚገዛ ይጻፍበት። ታንዛኒያ የኮሜሳ አባል ባትሆንም ካርዱን እንደምትቀበል ብዙ ሰው አያውቅም፤ እሱም ይግባ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የት እንደሚወጣ፣ መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልናው ምን መምሰል እንዳለበት፣ የባንክ ዕዳ ያለበት መኪና ከአገር መውጣት ይችል እንደሆነ ይመለስ። ከሁሉም በላይ ግን የመሪው ነገር ከላይ በጉልህ ይጻፍ። ያን ያላወቀ ሰው ሌላውን ሁሉ አሟልቶም ቢሄድ መመለሱ አይቀርም።

ወረቀቱ በደሴና በኮምቦልቻ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይለጠፍ። የሚጠየቅ አንድ ሠራተኛም ይመደብልን፤ ለዚህ ብቻ አዲስ አበባ መውረድ አይገባንም። ሰፈራችን ውስጥ ዳሬሰላም ሥራ አግኝቶ መኪናውን እያደሰ ያለ ወጣት አለ። እሱ ሳይነሳ መልስ ብትሰጡን ደስታችን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ