መሸኛዋ

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። መሸኛዬን ልታወጣልኝ ሦስት ቀን ቀበሌ ደጅ የጠናኸው አንተ ነህ። እኔ ግን "ደርሶኛል" እንኳ አላልኩህም። ያኔ ሲሚንቶ ተሸክሜ የቀኑን ለቀኑ ነበር የምበላው። ልደታ አንዲት ክፍል ውስጥ ለስድስት በደባል እናድር ነበር። ትንሽ ሲሻለኝ እጽፍለታለሁ እያልኩ ጊዜው ነጎደ። ይቅር በለኝ።

ያቺ ወረቀት ስንት በር እንደከፈተችልኝ! በእሷ መታወቂያ አወጣሁ፤ በመታወቂያው ቴክኒክና ሙያ ተመዘገብኩ። አሁን ብረታ ብረት ደረጃ 2 ላይ ነኝ። አገር ቤት "ዩኒቨርሲቲ ሳይሳካለት ቀረ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልዋሽህም፣ አሳፍሮኝ ነበር። እዚህ ግን ሙያ መማር የቆየ ነገር ነው፤ ሜክሲኮ ያለው ተግባረ ዕድ የተከፈተው ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። በጥር የሰፈራችን እድር የድንኳን ምሰሶ ተሰበረ። አከራዬ "አንተ ልጅ፣ ብየዳ ትማር የለም እንዴ?" አሉኝ። ማሽን ተውሼ ሄድኩ። ምሰሶው ቱቦላሬ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ስስ ብረት። የማሽኑ አምፔር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መጠን፣ ከበዛ ብረቱ ይበሳል፤ ካነሰ ደግሞ ብየዳው ላዩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይዋሃድም። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ)፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ዞርኩት። ቅርፊቱን በመዶሻ ሳራግፈው መስመሩ እንደ ሹሩባ ተደርድሮ ወጣ።

በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ፤ ድንኳኑ ተተከለ። ንፍሮ ይዤ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ዓይኔ ከምሰሶዋ አልነቀል አለ። በዚህ ከተማ ለቅሶ ስደርስ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በፊት የማውቀው ጎረቤት አልነበረኝማ። ስወጣ የእድሩ ዳኛ "የኛ ልጅ፣ ወንበሮቹንም ታይልናለህ" አሉኝ። እስከ ቤት ድረስ እንባ ሲተናነቀኝ ነበር።

ታናሽ ወንድምህ ሊመጣ እንደሆነ እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ብቻውን አይንከራተት። የትምህርት ማስረጃውንና መሸኛውን ሳይዝ እንዳይነሳ፤ ያለ እነሱ የባከነብኝን ጊዜ እኔ አውቀዋለሁ። የሚነሳበትን ቀን ብቻ ንገረኝ። አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ወንድምህ