አሮጌ ሮንዴላ አትመልሱብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከጎንደር ደባርቅ በሚኒባስ ሰው አመላልሳለሁ። ሞተሩ የቶዮታ 1ኬዲ ነው፤ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2982 ሲሲ፣ ቱርቦ ናፍጣ። ዳገት ላይ ጉልበቱን እወደዋለሁ።

ይህን ሞተር የምታስቸግረው ግን ትንሽ ነገር ናት። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ፣ ማሸጊያ ቀለበቷ፣ ስትደክም የተቃጠለው ጋዝ ሽቅብ ያመልጣል። ጥቀርሻው ከዘይቱ ይቀላቀልና ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ውስጥ የዘይት መሳቢያዋን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ካልደረሰው አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ተበልቶ ያልቃል፤ ሞተሩም ነክሶ ይቆማል።

ዓምና አንድ ጋራዥ ኢንጀክተሮቼን አውጥቶ አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች መልሶ አስገባቸው። አልነገሩኝም። ዳባት ልደርስ ስል፣ 11 ሰው ጭኜ፣ የዘይት መብራቱ ብልጭ አለ። ወዲያው አቁሜ አጠፋሁ። አዘዞ ኮፓው ሲወርድ አጎንብሼ አየሁት፤ ወንፊቷ ላይ ጥቁር ነገር እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ተጋግሯል። በጥፍሬ ብፍቀው እንኳ አልለቅ አለ።

የጋራዥ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ኢንጀክተር ባወጣችሁ ቁጥር ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ። የመኪናው ዋጋ አይደለም የሚያስጨንቀኝ፤ የጫንኩት ሰው ነው። ባለመኪኖችም ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞረው ዙር፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከኢንጀክተሮቹ አካባቢ ጭስ ጭስ ከሸተተ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ አስከፍታችሁ እዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ከጎንደር