ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ፦ የቤተ መጻሕፍት ክበብ የዓመቱ ሥራ

ዘንድሮ ክበባችን ጉልበቱን ያዋለው አንድ ሥራ ላይ ነው። በአቅራቢያችን ካሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ጋር መጻሕፍት መዋዋስ። የንባብ ሳምንቱም የመደርደሪያ ጽዳቱም እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፣ ስለ እነሱ እዚህ አላወራም።

ጥያቄውን ያመጡት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ፈተና ሲቃረብ የፊዚክስ ማጣቀሻ ይፈልጋሉ፣ እኛ ጋ ያለው ደግሞ ለወረፋው አይበቃም። ያው መጽሐፍ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሌላ ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እዚያ ያሉት ልጆች በተራቸው የጂኦግራፊና የታሪክ መጽሐፍ አጥተው ይንከራተታሉ፣ እኛ ጋ ግን ሞልቷል። ድሬ ውስጥ መጽሐፍ ያንሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ያለውም ቢሆን ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም፣ እና እኔን ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ይህን ለመፍታት በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጋራ ዝርዝር ለማዘጋጀት ተነሳን። ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ግዛት የሚገኙ 54 ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ1967 ኦሲኤልሲ የሚባለውን ማኅበር ያቋቋሙት መዝገባቸውን በኮምፒውተር ለመጋራት ነበር፤ ዛሬ የዚያ ማኅበር የጋራ ካታሎግ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ መጻሕፍትን ያገናኛል። እኛ ያለን አንድ ኮምፒውተርና ኤክሴል ነው። ይበቃል።

የክበቡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይዋ ሳትበረታ እየሄዱ የየትምህርት ቤቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ መዘገቡ። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። አንዱ ትምህርት ቤት «ሥነ ሕይወት» ብሎ መዝግቧል፣ ሌላው «ስነ ህይወት»፣ ሦስተኛው በመሀል ሰረዝ አስገብቶበታል። ለሰው አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያየ መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ብሎ ይሄዳል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሁለት ዓምድ አደረግን። በአንዱ የመጽሐፉ ርእስ ሽፋኑ ላይ እንዳለው ሳይነካ ይጻፋል። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ እዚያ ሐም ኀም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ። ይህን ያቀረበችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ እኔ በበኩሌ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ይህቺን አስበልጣለሁ።

የደራሲ ስምም አስቸግሯል። የውጭ ደራሲ በቤተሰቡ ስም ይገባል። የኛ ደራሲ ግን በራሱ ስም ነው መግባት ያለበት፤ የአባቱን ስም ከፊት ያስቀደመ መዝገብ ስላገኘን ሁሉንም ማስተካከል ነበረብን። የኅትመት ዓመቱም እንዲሁ። 2005 ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጅ ማን ያውቃል? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፣ ማጣቀሻ ላይ ደግሞ የድሮውን እትም ከአዲሱ መለየት የግድ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተጽፏል።

ለአደራደሩ አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣውን የቁጥር ምደባ ተጠቀምን። በዚህ ምደባ የተፈጥሮ ሳይንስ 500 ላይ ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ። አማርኛ 492 ውስጥ ሲገባ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ቀጥለው 493 ውስጥ ይገባሉ። ለድሬ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከተማዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አሉት፣ እኛ ጋ ግን ከነአካቴው አልነበሩም፤ ቤታቸው በእነዚህ ቋንቋዎች የሚያወሩ ልጆቻችን ደግሞ ብዙ ናቸው። መጻሕፍቱ መጥተው መደርደሪያችን ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ የነበረው ደስታ!

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ዋናው እንቅፋት መጣ፤ እሱም ንብረት ነው። መጽሐፍ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ቅጽ ተመዝግቦ በአንድ ሰው ስም ላይ ያለ ንብረት ነው፣ ከጠፋ ተጠያቂው ያ ሰው ነው። አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «ልጆቼ፣ መጽሐፉ ቢጠፋ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው» ሲሉን መልስ አልነበረንም። እውነታቸውን ነው። እሳቸውን «ተባበሩ» ብሎ መወትወት ተገቢ አይደለም፣ ሸክሙን ከላያቸው ማንሳት ነው የሚያስፈልገው። አራቱ ርእሳነ መምህራን ተቀምጠው ስምምነት ፈረሙ፦ የሚዋዋሰው ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት እንጂ ተማሪ ከትምህርት ቤት አይደለም፤ መጽሐፉ ቢጠፋ የሚተካው የተዋሰው ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ከራሱ ቤተ መጻሕፍት በመታወቂያው ይወስዳል፣ እዚያው ይመልሳል፣ ካልመለሰ በዓመቱ መጨረሻ ክሊራንስ አይፈረምለትም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ከቤቱ አይወጣም፤ የፈለገው ልጅ ደብዳቤ ይዞ እዚያው ሄዶ ያነባል። ከዚህ በኋላ እኚያው ሠራተኛ ከማንም ቀድመው መጻሕፍት ላኩልን። ከልብ እናመሰግናቸዋለን።

መጻሕፍቱን የሚያመላልሱት ሰፈራቸው እዚያው የሆነ የክበቡ አባላት ናቸው፣ የትራንስፖርት ወጪ የለብንም። አንድ ጥብቅ ደንብ ግን አለን። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች ድልድዩን ትተው በአሸዋው ማቋረጥ ይወዳሉ፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ድንገት ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደረሰውን ጎርፍ ወላጆች አይረሱትም። ስለዚህ መጽሐፍ የያዘ ልጅ በድልድይ ብቻ ይሻገራል፣ ደጋው ከጠቆረ ጭራሽ አይሄድም።

ስለ ሶፍት ኮፒም ትንሽ ልበል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ በቴሌግራም ይዞራሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ የሌለው ልጅ አለ፣ ስልክ ኖሮት የካርድ ገንዘብ የሌለውም አለ። በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርገን ጭነናቸዋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍላሽ እናደርሳለን።

ያልተሠራ አለ። ዝርዝሩ የሚታደሰው በየወሩ መጨረሻ ነው፣ በመሀል የተወሰደ መጽሐፍ «አለ» እያለ ልጆችን ያመላልሳል። የሳቢያን ትምህርት ቤቶችም ገና አልገቡም። ለከርሞ ከእነሱ ጋር እንጀምራለን፣ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ቅዳሜ ገብተው እንዲያነቡ እንዲፈቅድልን ደብዳቤ አዘጋጅተናል። የዘንድሮው ዝርዝር ታትሞ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። መመዝገብ የምትፈልጉ ከመስከረም ጀምሮ በምሳ ሰዓት እዚያው ታገኙናላችሁ፤ በተለይ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትጽፉ ልጆች በጣም ታስፈልጉናላችሁ።