ከሊድስ ለእማዬ፦ ስለ ጋንሽና ስለ አንድ የቆየ ፐብ

ለምወድሽ እማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገና አልለቀቀንም፣ ሥራው ግን ደህና ነው። እህቴ፣ ይሄን ደብዳቤ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ረጅም ነው ብለሽ እንዳትዘልይ፣ ሁሉንም እንድትሰማው ነው የምፈልገው።

ባለፈው ስንደዋወል ጠላ መጥመቅ ልታቆሚ እንደሆነ ነገራችሁኝ። ትልቁንም ጋን ለጎረቤት ልትሰጪ ነው አላችሁኝ። ስልኩ ላይ ምንም አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ምክንያትሽ ይገባኛል እማዬ። ጌሾ መውቀጥ፣ አሻሮ መቁላት፣ ውሃ ማመላለስ፣ ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን፣ ይሄ ሁሉ ወገቡን ለሚያመው ሰው ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሐበሻና ዳሽን ፋብሪካ ከተከሉ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ሁሉ የሚጠይቀው ቢራ ነው። ለዝክር እንኳ ሳጥን ማውረዱ ይቀላል። አልፈርድብሽም። ግን ጋኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት እዚህ ያየሁትን ላጫውትሽ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ባለችበት በዮርክሺር ነው። በወጣትነቱ ፐብ በሚሉት መጠጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ምድር ቤት ወርዶ የቢራ በርሜል የሚንከባከብ ሰው። በምሳ ሰዓት ስለ ጠላሽ ሳጫውተው ጋኑ በወይራ ይታጠናል የሚለው ላይ ስደርስ ሳንድዊቹን አስቀምጦ እንደገና አስነገረኝ። ከዚያ ቅዳሜ ና፣ የምወስድህ ቦታ አለ አለኝ።

የወሰደኝ ዊትሎክስ የሚባል ፐብ ነው። ብሪጌት የሚባል ትልቁ የገበያ መንገዳችን ላይ፣ በሱቆች መሀል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ሰው ካላሳየሽ አልፈሻት ትሄጃለሽ። እኔ በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ እንኳ ገብቼባት አላውቅም ነበር። ወደ ውስጥ ስትዘልቂ ረጅም ቀጭን ግቢ፣ በግቢው ልክ የተዘረጋ ረጅም ቀጭን ቤት ታገኛለሽ። ቅጥነቱ በምክንያት ነው። ብሪጌት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1207 ሲሆን ያኔ መሬቱ ለነዋሪው የታደለው ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ኋላው ረጅም እየተደረገ ነበር። ያ ድልድል እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ቤቱ መጠጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1715 ነው። እኛ አገር ያኔ ጎንደር ላይ አፄ ዮስጦስ ነበሩ። ዛሬ የሚታየው የውስጡ አሠራር ደግሞ ባብዛኛው እ.ኤ.አ. የ1886 ነው፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት። ባንኮኒው ላዩ እብነ በረድ ነው፣ ፊቱ በሸክላ ጡብ ያጌጠ። ጠረጴዛዎቹ ላያቸው መዳብ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ትልልቅ መስተዋቶች ጠባቡን ቤት ሰፊ ያስመስሉታል። ስንት ትውልድ የተደገፈበትን ባንኮኒ አፍርሰው በአዲስ አለመቀየራቸው ደስ አለኝ። አገራችን ላይ ስንት ጥሩ ቤት እንደፈረሰ ሳስብ ደግሞ ከፋኝ።

አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ፣ ነገሬ እሱ ነውና።

ካስክ ኤል ይሉታል። ከገብስ ብቅል ነው የሚጠመቀው፣ እኛ በጌሾ የምናመርረውን እነሱ ሆፕስ በሚባል ተክል ያመርሩታል። በርሜል ውስጥ ሲገባ ገና አላለቀም። አልተጣራም፣ እርሾውን ለመግደልም አልተሞቀም፣ እርሾው በሕይወት አለ። ስለዚህ እዚያው በርሜሉ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ፋብሪካው ሥራውን በግማሽ ትቶ ይልከዋል ማለት ነው፣ ሌላውን ግማሽ የሚጨርሰው የፐቡ ሰው ነው።

ሽማግሌው እንዴት እንደሚጨረስ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሳለ አሳየኝ። በርሜሉ ምድር ቤት ውስጥ በጎኑ ይጋደምና እንዳይነቃነቅ ይደገፋል። ከላይ ውታፍ አለው። ውታፉ መሀል ላይ ትንሽ የእንጨት ሹል ይመታበታል፣ መጀመሪያ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ እንጨት። በሱ በኩል በርሜሉ ይተነፍሳል፣ አረፋም ይገነፍላል። አረፋውን ትጠርጊና ቶሎ ተመልሶ እንደሆነ ታያለሽ። መፍላቱ በረድ ሲል ለስላሳውን ሹል ነቅለሽ አየር በማያሳልፍ ጠንካራ ትተኪዋለሽ። ከቸኮልሽ ቢራው አረፋ ብቻ ይሆናል፣ ከዘገየሽ ነፍሱ ወጥቶ ሙት ይሆናል። መቼ እንደሆነ በምን ታውቃለህ ስለው ጆሮውን ነካ አደረገ። እኔም አንቺ ጋኑ አፍ ላይ ጆሮሽን ደቅነሽ «ገና ነው፣ ይንሾካሾካል» የምትይውን ነገርኩት። ይሄን ጊዜ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ፦ እናትህ ከእኔ የተሻለ ምድር ቤት ትይዝ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው እማዬ፣ ልቡን ሰጥቶ ነው የተናገረው።

ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው የሚሆነው። እኛ ሐበሾች፣ እንግሊዞች ሙቅ ቢራ ይጠጣሉ እያልን እናማቸዋለን። ሙቅ አይደለም፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጥርስ እስኪያደነዝዝ ስላልበረደ ግን የገብሱ ጣዕም ይሰማሻል። ጋኑን ጓዳ ጨለማው ጥግ የምታስቀምጪው ለዚሁ አይደል?

መቅዳቱም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አስተናጋጇ ረጅም እጀታ ይዛ ወደ ራሷ ትስባለች፣ በጋዝ አይገፋም፣ በክንድ ነው የሚወጣው። በነሱ መለኪያ አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። እንደ እኛ ከተማ ያሉት የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች የቧንቧው ጫፍ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ክዳን ይገጥማሉ፣ ቢራው በሷ ሲያልፍ አረፋው ወፍራምና ደቃቅ ይሆናል። ደቡቦቹ ይሄን አይወዱም፣ ክርክራቸው ማለቂያ የለውም። ላንድሎርድ የሚባለውን ነው የጠጣሁት። እዚሁ ዮርክሺር ኪስሊ የምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 የተመሠረተው ቲሞቲ ቴይለር የሚጠምቀው ነው። ስቀምሰው መጀመሪያ ገብሱ መጣ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ምሬቱ። አልኮሉ 4.3 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ልጄ ሰካራም ሆነብኝ ብለሽ እንዳትሰጊ። አንዱን ይዘን ረጅም ሰዓት አወራንበት።

አጠገባችን ያለ ሰው ከሌላ በርሜል አዘዘ። አስተናጋጇ ግማሹን ቀድታ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳችና አየችው። ደፍርሷል። ምንም ሳትል ደፋችውና እጀታው ላይ ያለውን የቢራውን ስም ወደ ኋላ አዞረችው፣ አለቀ ማለት ነው። ሰውየውም ቅር አላለውም፣ ሌላ ትንሽ አስቀምሳው መረጠ። አተላው ሲቀርብ ለእንግዳ አይቀዳም ብለሽ የምትቆጪው ትዝ አለኝ።

አንድ የማትወጂው ነገር ግን አለው። ቢራው ቶሎ እንዲጠራ ብለው ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነገር በርሜሉ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ስለዚህ በፆም አይሆንም። የእንስሳ ነገር የማይነኩ ሰዎች ስለበዙ አሁን ያለሱ የሚሠሩም አሉ፣ ትጠይቂያለሽ ይነግሩሻል። እኔ እጠይቃለሁ፣ በዚህ አትጨነቂ።

ዋናው ነገሬ ይሄ ነው። ይሄም መጠጥ ሊጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይሄ በርሜል ጣጣ አለው አሉ። እርሾውን አጣርተውና በሙቀት ገድለው፣ በጋዝ የሚገፋ ቢራ በብረት በርሜል ማከፋፈል ያዙ። ያኛው ሙያ አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ የትም ቢሄድ ያው ነው። ፐቦቹም ቀለላቸው። ልክ አሁን ሳጥን ማውረድ እንደሚቀለው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ወጣቶች ተነሥተው ይሄማ አይሆንም ብለው ማኅበር መሠረቱ፣ ካምራ ይባላል። ባለሥልጣን አይደሉም፣ ሀብታምም አይደሉም፣ ጠጪዎች ናቸው። ጥሩ በርሜል የሚይዘውን ፐብ እየመዘገቡ በመጽሐፍ አሳተሙ፣ ሰውም መጽሐፉን ይዞ ይፈልጋቸው ጀመር። ዛሬ አባላቱ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው።

ትግሉ አልቋል ማለት አይደለም። ወጣቱ ሌላ ሌላውን ይመርጣል፣ የሚዘጋው ፐብም ብዙ ነው። በርሜል ደግሞ አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው ሦስት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። የተለመደው በርሜል 72 ፓይንት ይይዛል፣ ወደ 41 ሊትር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሄን የሚጨርስ ሰው ካልመጣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ሰው የሌለበት ቤት ይሄን መጠጥ ሊይዘው አይችልም። ያንቺም ጋን ያው ነው፣ ጎረቤት ካልተሰበሰበ ለማን ይጠመቃል? ጠላው ሲደርስ ግቢያችን ሙሉ የሚሆነውና ተኳርፎ የከረመው ሁሉ አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ይመስለኛል። በሳጥን ቢራ እንደዚያ ሲሆን አላየሁም፣ ሁሉም የራሱን ጠርሙስ ጨርሶ ይሄዳል።

ሽማግሌው ደግሞ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። እናትህ የምታውቀውን የጻፈው ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እውነትም የለም እማዬ። እህቴ አሻሮ ስትቆላ አይቻለሁ፣ መጠንሰሱን ግን ሁሌም አንቺው ነሽ። ጌሾው ስንት እንደሆነ በእፍኝሽ እንጂ በሌላ አይታወቅም።

ስለዚህ እህቴ፣ እባክሽን ለሚቀጥለው በዓል ስትጠነስስ አጠገቧ ሁኚ። ስልክሽን ይዘሽ ቅረጪያት። በእፍኟ ስትዘግን አስቁሚያትና በኪሎ መዝኚው። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ብቅሉና ቂጣው መቼ እንደገባ፣ ድፍድፉ ሲደርስ ሽታው እንዴት እንደሚሆን ጠይቂያት። የማይረባ ጥያቄ ነው ብላ ብትቆጣም አትተዪ። ጋኑ አፍ ላይ ጆሮዋን ስታደርግ ደግሞ አንቺም አድርጊ፣ የሰማሽውን ንገሪኝ።

እማዬ፣ ለገብሱና ለጌሾው የሚሆን ገንዘብ በእህቴ ስም ልኬአለሁ። ከዚያው ላይ ውሃ የሚያመላልስና የሚወቅጥ ሰው ቅጠሩ። አንቺ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ እዘዢ እንጂ ጎንበስ እንዳትዪ። ጎረቤታችን ጋን ከፈለገች ሌላ እገዛላታለሁ፣ ዋጋውን ጠይቁና ላኩልኝ። ያንን ግን እንዳትሰጪ።

ለአክስቴ፣ ለጎረቤቶቻችንና ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። የወገብሽን መድኃኒት በሰዓቱ ውሰጂ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እደውላለሁ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ፣ ከሊድስ