ቀዩ መብራት በርቶ ጅማ አትወርጂም

ውዴ፣

እንዴት ከርመሻል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹ መቼም አድገው ይሆናል። ማን ቀድሞ ጠፋ፣ የመደወሉ ተራስ የማን ነበር የሚለውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨቃጨቅበታለን፤ ለጊዜው እኩል እንካፈለውና ልለፈው። የሚያስቸኩለኝ ሌላ ነገር አለ።

ባለፈው እህትሽን መርካቶ አገኘኋት። ቪትዝ ገዛሽ አሉ። እሰይ! የታክሲ ሰልፍ ላይ አብረን የተመታነውን ዝናብ የማውቅ እኔ ነኝና እንኳን ደስ ያለሽ። ወሬዋ ግን በዚህ አላበቃም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ጥፍት ሲልብሽ እንደከረመ፣ የሆነ ሰው የፍሬን ዘይት ሞልቶልሽ «በቃ፣ ችግር የለውም» እንዳለሽ፣ ከዚያም መብራቱ ተመልሶ እንደበራና አንቺ ለፋሲካ ልጆቹን ጭነሽ ጅማ ልትወርጂ እንዳሰብሽ ነገረችኝ። የጊቤን ቁልቁለት በዚህ ፍሬን? እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እኔ ያው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስሸጥ ነው የምውለው። «አንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ስጭኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። «መብራቱ በርቶብህ ነው?» ስለው «አዎ፣ ትንሽ ጎድሎ ነው» ይለኛል። የት ሄዶ ጎደለ? ይህን የሚጠይቅ የለም። የፍሬን ዘይት እኮ እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከቀነሰ ወይ የፍሬን ሸራው (ስትረግጪ ተጣብቆ ጎማውን የሚያቆመው) አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። መሙላት ለሁለቱም መድኃኒት አይሆንም።

ስለ ሸራው ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሸራው በሳሳ ቁጥር ከኋላ የሚገፋው ፒስተን ትንሽ ትንሽ ወደፊት ይወጣል። እሱ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል፤ ስለዚህ ላይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ይወርዳል። ማጠራቀሚያው ውስጥ የምትንሳፈፍ ነገር አለች፣ እሷ ስትወርድ ነው መብራቱ የሚበራው። ቁልቁለት ላይ ወይም ስትታጠፊ ብቻ ብልጭ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ዘይቱ አፋፍ ላይ ደርሶ ወዲያ ወዲህ ሲል ተንሳፋፊዋን ይጥላታል። አንቺ ላዩ ላይ ስትሞዪበት መብራቱ ይጠፋል፣ ሸራው ግን ማለቁን ይቀጥላል። ኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ተገፍቶ ይመለስና የተሞላው ዘይት ሞልቶ ይፈሳል። ቀለም ላይ ከነካ ደግሞ ቀለሙን ልጦ ነው የሚያነሳው።

ለመሆኑ የትኛው መብራት ነው የበራው? ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ፣ ግራና ቀኙ ቅንፍ ያለበት ቀይ ከሆነ እሱው ነው። እሱ ደግሞ ለእጅ ፍሬንም ይበራል። አትሳቂብኝና መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው አውርጂው። በግማሽ ተነስቶ ቀርቶ የኋላ ሸራውን ሲበላ የከረመ ስንት መኪና አለ። ቢጫ ሆኖ ኤቢኤስ የሚል ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ድንገት አጥብቀሽ ስትይዢ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነው የተበላሸው። ቀስ ብለሽ ጋራዥ ትደርሻለሽ። ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ ከበሩ ግን የፊትና የኋላውን ኃይል የሚያመዛዝነውም ሳይነካ አይቀርም፣ ስትይዢ የኋላው ቀድሞ ተቆልፎ ሊያንሸራትትሽ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አትንጃት፣ ሰው ጥሪ።

አሁን ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይህን አድርጊልኝ። ሜዳ ላይ አቁሚያት፣ ኮፈኑን ክፈቺ። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ ትንሽ ነጣ ያለች ፕላስቲክ ታገኛለሽ፣ ጎኗ ላይ ሁለት መስመር አላት። ዘይቱ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ቀለሙ እንደ ሻይ ቢጫ ቢሆን ደህና፤ እንደ ቡና ከጠቆረ ያረጀ ነው። ከዚያ ግቢና ሞተሩን አስነሺ፣ ፍሬኑን ረግጠሽ ያዢው። ፔዳሉ ባለበት ከቆመ ጥሩ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መኪናዋ ከዚያ አትንቀሳቀስ፣ ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጪ። የጎማዎቹን የውስጥ ጎንም እይ። ዘይት የነካው የሚያብለጨልጭ እርጥበት ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም።

የግድ ጨምረሽ ጋራዥ መድረስ ካለብሽ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት አንብቢ፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይላል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳን እንዳይገባበት። መስመሩ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣቸዋል፣ ያኔ ሙሉውን መስመር ነው የምትቀይሪው። የተከፈተ አሮጌ ጠርሙስ ከጎረቤት አትበደሪ፤ ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል።

ወደ ጊቤ የምመልስሽም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ ሰው ሁሉ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ ነው የሚወርደው። ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሹፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ያርፋል። «ፍሬን በጥሶ» ሲባል ከምንሰማው ውስጥ ምንም ያልተበጠሰበት ሞልቷል። ስለዚህ ዘይቱ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ቁልቁለቱንም በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረጂ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ በታች ያለውን ተጠቀሚ። ከኋላ ክላክስ የሚያሰማ ቢኖር ይለፍሽ።

እግዜር ይጠብቅሽ እንጂ መንገድ ላይ ድንገት ፔዳሉ ቢገባብሽ ቶሎ ቶሎ እየለቀቅሽ ርገጪው። መስመሩ ሁለት ቦታ የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢፈስ ግማሹ ፍሬን ይቀርሻል። ማርሽ ቀንሺ፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደተጫንሽ ጥቂት ጥቂት ሳቢ። ሞተሩን ግን እንዳታጠፊ! ካጠፋሽው መሪውም ይከብድሻል፣ ፍሬኑን የሚያግዝሽም ይሄዳል።

ደግሞ አንድ ነገር። ቁልፉን አዙረሽ ሞተሩን ሳታስነሺ ዳሽቦርዱን እይ። የእጅ ፍሬኑ ወርዶም ቢሆን ያ ቀይ መብራት ለአፍታ በርቶ፣ ወይም ሞተሩ እስኪነሳ ቆይቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ሞቷል፣ ወይ ሆን ብሎ ያጠፋው አለ። ሱቃችን ፊት ለፊት አንድ ልጅ የገዛትን መኪና ዳሽቦርድ ሲያስፈታ መብራቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ አየን፣ በመቀስ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ! የለጠፈው ሰው እጁ ጥሩ ነው፣ ልቡን እንጃ።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን በቀስታ ሱቅ አምጫት፤ ፔዳሉ የሰመጠ ወይም የለሰለሰ፣ ዘይት የፈሰሰ፣ ወይም ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ የበሩ ከሆነ ግን ደውይልኝና መካኒኩን ይዤ እመጣለሁ። ጎማው ሲፈታ አጠገቡ ትቆሚያለሽ፣ አሮጌውን ሸራ በእጅሽ ትይዢዋለሽ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል፣ ዋጋውን እኔ አስተካክልልሻለሁ። ቡናው በአንቺ ነው።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ስልኬ አልተቀየረም።