ክረምት «ዊንተር» አይደለም፦ ስለ እንግሊዝኛ የማዳመጥ ትምህርት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድክመት በየጊዜው ይጻፋል። ወሬው ግን ሰዋስውና ቃላት ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል፤ ጆሮን የሚያነሳ የለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ማዳመጥን ስለማይፈትን፣ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የተቀመጠው የማዳመጥ መልመጃ በብዙ ክፍል «እሱን እለፉት» ተብሎ ይታለፋል። ልጁ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቁጭ ብሎ ሰምቶ ማስታወሻ መያዝ አለበት። ነገ ደግሞ ውጭ አገር ልማር ብሎ ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ቢቀመጥ፣ የማዳመጥ ክፍሉ 40 ጥያቄ አለው፤ ቅጂው የሚሰማውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ስለቀሩት፣ በዚህ ደብዳቤ ለማዳመጥ ትምህርት በጣም ምቹ ስለሆነ አንድ ዓይነት ምንባብ ልናመለክት እንወዳለን፦ ስለ መልክዓ ምድርና ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ምንባቦች። ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ የቦታ ስም፣ ማነጻጸሪያ፣ «ሊሆን ይችላል»ና «አይመስልም» ሁሉ በአንድ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛሉ። የጎጃም ልጅ ደግሞ ለነገሩ ባዳ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እንደሚኬድና ጋቢው ከትከሻ እንደሚወርድ ያውቃል። «ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቢሰማ፣ ቃሉ ባይገባው እንኳ ነገሩ ይገባዋል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ነገሩን የሚያውቅ ልጅ ሳይሰማ ይመልሳል። ስለ ጣና ምንባብ አንብቦ «ጣና የት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ጆሮን አይፈትንም፤ ጣናን የማያውቅ ልጅ እዚህ የለም። ጥያቄው ደህና መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ምንባቡን ሳያነቡ ጥያቄዎቹን ብቻ ለአምስት ልጆች ይስጧቸው። ግማሹን በትክክል ከመለሱ ጥያቄዎቹ መለወጥ አለባቸው። «ተናጋሪው ስለ ሐይቁ ስንት ቁጥር ጠቀሰ? የመጨረሻው የምን ነበር?» የሚለው ይሻላል። ጣናና የጮቄ ተራራ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ማሟሟቂያ ይሁኑ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ አስቀድሞ ወደማያውቀው አገር መሄድ ነው፤ አታካማ በረሃ፣ ኪሊማንጃሮ፣ በዓመት ከ11,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባቸው መንደሮች ያሉበት የሕንድ ሰሜን ምሥራቅ።

ትልቁ ወጥመድ የወቅቶች ስም ነው። ልጆቻችን ከታች ክፍል ጀምሮ «ሰመር በጋ፣ ዊንተር ክረምት» ብለው ይሸመድዳሉ። የእንግሊዝኛው ስም የተሰጠው በሙቀትና በቅዝቃዜ ነው፤ የእኛው በዝናብና በደረቅ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሰመር የሚባለው ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ነው፤ ጁላይ ደግሞ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለው ጊዜ ነው፤ ገበሬው ጭቃ ውስጥ የሚውልበት። ስለዚህ «አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ዝናቡን የሚያገኘው በሰመር ነው» የሚል ምንባብ ሲነበብ፣ ልጁ እያንዳንዱን ቃል ሰምቶ «በበጋ ይዘንባል» ብሎ ይጽፋል። ጆሮው አልተሳሳተም፤ የተሸመደደው ትርጉም ነው ያሳሳተው። አውስትራሊያ ሲመጣ ደግሞ ሰመር ዲሴምበር ላይ ይውልና ሁሉም ነገር ይገለበጣል። መፍትሔው የወቅት ስም በመልስ ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ መከልከል ነው። ልጁ የሰማውን ወር ይጻፍ፤ አጠገቡ «ዝናብ» ወይም «ደረቅ»፣ «ሞቃት» ወይም «ቀዝቃዛ» ይበል። «ስፕሪንግ» ደግሞ ፀደይም ምንጭም ነው። ስለ ግሽ ዓባይ በሚነበብ ጽሑፍ ላይ ቃሉን ሲሰማ ፀደይ ብሎ የጻፈ ተማሪ ምንባቡን በሙሉ አበላሽቶ ይተረጉመዋል።

ስለ ዝናብና በረዶ ቃላትም እንዲሁ። እኛ «በረዶ» ስንል ሰኔ ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበውንም፣ ፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ነው። እንግሊዝኛው ሄይል፣ ስኖው፣ አይስ ብሎ ሦስት ይለየዋል። ጮቄ ላይ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ ደግሞ ፍሮስት ነው፤ ይህ ለብቻው መያዝ አለበት። «ሻወርስ» የሚለውን ሲሰማ ገላ መታጠቢያ የማይታሰበው ተማሪ የለም፤ በአየር ትንበያ ግን መጥቶ ቶሎ የሚያባራ ዝናብ ነው። «ድሪዝል» ካፊያ ነው። ስስ ጉም «ሚስት» ይባላልና ክፍሉ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ፣ የተሳቀበት ቃል አይረሳም።

ከቃላት ይልቅ ብዙ ነጥብ የሚያስጥሉት ግን ትንንሾቹ ናቸው። «ኢት ሬይንስ ሃርድ» ማለት ኃይለኛ ዝናብ ይዘንባል ማለት ነው። «ኢት ሃርድሊ ሬይንስ» ግን ከነአካቴው አይዘንብም ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ሁለቱን ለይቶ የማይሰማ ልጅ በረሃውን ረግረግ ያደርገዋል። «አንላይክሊ» ላይ ያለችው «አን» ድምፅዋ አነስተኛ ስለሆነ ትዋጥና «ዝናብ አይጠበቅም» የሚለው «ይጠበቃል» ሆኖ ይቀራል። ሙቀት «ሮዝ ባይ 5» ሲባል በ5 ዲግሪ ጨመረ፣ «ሮዝ ቱ 5» ሲባል 5 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው። በፈጣን ንግግር «ቱ» ተሸርፋ «ተ» ብቻ ትሆናለች። እነዚህን በሰሌዳ ጽፎ በሚቀጥለው ሳምንት መቀጠል አይጠቅምም፤ በየምንባቡ አንዷ ሆን ተብላ ትግባና ጥያቄው እሷ ላይ ይውደቅ።

ሰዓቱም ጣጣ አለው። «ጉሙ ጠዋት በናይን ይገፈፋል» ሲባል በእኛ 3 ሰዓት ነው፤ «ምሽት በሲክስ ይዘንባል» ሲባል 12 ሰዓት። ልጁ የሰማውን ቁጥር እንዳለ ይጻፍ፣ ከዚያ ስድስት ቀንሶ ወይም ጨምሮ ሐበሻውን ሰዓት አጠገቡ ያስቀምጥ። በአሜሪካ ቅጂዎች ደግሞ ሙቀቱ በፋራናይት ነው። «68 ዲግሪ» ሲሰማ የተቃጠለ አገር የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው፤ 68 ፋራናይት 20 ሴንቲግሬድ ነው፣ የደብረ ማርቆስ የቀትር አየር ማለት ነው። 32 ቀንሶ፣ በ5 አባዝቶ፣ ለ9 ማካፈል ነው።

ቁጥር መስማት የተለየ ልምምድ ይፈልጋል። ሰርቲን እና ሰርቲ፣ ፊፍቲን እና ፊፍቲ የሚለዩት በጉላቱ ነው ተብሎ ይሰጣል፦ በ13 መጨረሻው ይጎላል፣ በ30 መጀመሪያው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ13 በኋላ መጀመሪያው የሚጎላ ስም ሲከተል ጉላቱ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ምልክቱ ይከዳል። ያኔ የሚታመነው መጨረሻ ላይ ያለው «ን» ብቻ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ 30ን «ሰርዲ» ሊሉት ምንም አይቀራቸው። ትልልቅ ቁጥሮች ላይ እንግሊዞች ከመቶው በኋላ «ኤንድ» ይጨምራሉ፣ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የኪሊማንጃሮን 5,895 ሜትር በሁለቱም አነባበብ አሰምቶ ማጻፍ ጥሩ መጀመሪያ ነው። በየክፍለ ጊዜው መግቢያ ላይ አሥር ቁጥር፣ ሦስት ደቂቃ፤ ይህ ብቻውን በአንድ መንፈቅ ለውጡ ይታያል።

ድምፅ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንበል። በአማርኛ አናባቢ በማጠርና በመርዘም ትርጉም አይለውጥም፣ ስለዚህ ሙቀት ማለት የሆነው «ሂት» እና መታ ማለት የሆነው «ሂት» ለልጁ አንድ ናቸው። ነገር ግን ይኸው ልጅ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» መሆኑን ሳያስብ ይለያል። «እኛ ተነባቢ እንደምናጠብቀው፣ እነሱ አናባቢ ይስባሉ» ብሎ ማስረዳት ሙሉ ሳይንስ ባይሆንም ጆሮውን ያነቃዋል። አጻጻፍም ያታልላል፦ ደሴት «አይላንድ» ነው እንጂ «ኢስላንድ» አይደለም፤ ጎርፍም «ፍለድ» ይባላል፤ ሁለት «ኦ» አይቶ «ፍሉድ» የሚጠብቅ ጆሮ ቃሉ አጠገቡ ቢያልፍም አያውቀውም።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ምንባቡ ከ150 ቃል ባይበልጥ ይመከራል። በደቂቃ 120 ቃል ገደማ ከተነበበ 75 ሰከንድ ይፈጃል፤ ተወላጆቹ በተለምዶ የሚናገሩት በደቂቃ ወደ 150 ነውና ይህ ዝግ ያለ ነው። ዝግ ማለት ግን ቃል በቃል መቆራረጥ አይደለም። ብዙ መምህራን «ዘ»ንና «ኦፍ»ን ሳይቀር ለየብቻ እያጎሉ ያነባሉ፤ ልጁ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ከክፍሉ ውጭ አያገኝም። ሐረጉ እንዳለ ይነበብ፣ ዕረፍቱ በሐረግና በሐረግ መካከል ይርዘም። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለተማሪዎች የሚሆን ዝግተኛ እንግሊዝኛ በ1,500 ቃላት ገደማ ብቻ እየተሠራ ፍጥነቱ ከተለመደው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር፤ ለአነባበብ ደህና ምሳሌ ነው።

ከንባቡ በፊት ሰሌዳ ላይ ባዶ ካርታ ይሣላል፤ ሰሜን የት እንደሆነ ብቻ ይታይበት። አዲስ ቃል ከአምስት አይበልጥ። ምንባቡ ሦስት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያው እስክሪብቶ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስለ የት ነው የሚያወራው፣ አየሩስ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛው ላይ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ቦታ፣ ከፍታ፣ ሙቀት፣ የዝናብ ወር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች መልሳቸውን ያስተያዩ፤ የተለያዩበትን ቦታ ለይተው ሦስተኛውን ንባብ ለዚያ ሲጠብቁ ያዳምጡታል። ከዚያ ከምንባቡ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቃል በቃል ይጻፋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለውና ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ነው። ጽሑፉ ይሰጥና ልጁ የሳተውን ያሰምርበታል፤ ለምን እንደሳተውም ይለያል። ቃሉን አያውቀውም ነበር? ያውቀው ነበር ግን በድምፅ አልለየውም? ቁጥሩን ሳተ? ወይስ ሁሉን ሰምቶ ተቃራኒውን ተረዳ? አራቱ አራት የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት፤ ሁለተኛውን ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ልጅ አሁንም ቃላት ቢሸመድድ የሚያተርፈው የለም። ምንባቡ ከሦስት ቀን በኋላ ያለ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም ይቋጫል። በመካከል እያቆሙ በአማርኛ መተርጎም ግን ሥራውን በሙሉ ያፈርሰዋል፤ ልጁ እንግሊዝኛውን ትቶ ትርጉሙን መጠበቅ ይለምዳል።

መሣሪያ ብዙ አያሳስብ። ሞባይልና ሚሞሪ ካርድ፣ ከተገኘም ባትሪው የተሞላ ትንሽ ስፒከር ይበቃል፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል የሞባይሉ ድምፅ ብቻውን ከሦስተኛው ዴስክ አያልፍም። ስፒከሩ ከመሬት ላይ አይቀመጥ፣ በልጆቹ ጆሮ ከፍታ ይሁን። ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ቆርቆሮው ነው፦ ዝናብ ሲጥልበት መምህሩም ስፒከሩም አይሰሙም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ በመስከረምና በሰኔ የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ ጠዋት ላይ ቢመደብ ግማሹ ችግር ይቀላል።

ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለን። በተማሪዎች ገጽ ላይ በየሳምንቱ 120 ቃል ያህል የእንግሊዝኛ የአየር ጠባይ ወይም የመልክዓ ምድር ጽሑፍ ከሦስት ጥያቄዎች ጋር ቢወጣ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት በሞባይል ቀርጾ ለታናሹ ያሰማዋል። መልሱ በሚቀጥለው እትም ይሁን፤ በዚያው ገጽ ግርጌ ተገልብጦ ከታተመ ልጆቹ ጋዜጣውን ገልብጠው ያዩታል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን
ከምሥራቅ ጎጃም